ተሸናፊ ይክፈል፤ በጉለሌ ጌም ቤቶች ስለሚደረገው የድብድብ ጨዋታና ስለ ተጫዋቾቹ ማኅበር

የአንድን ሕዝብ ጠባይ መርምሮ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሥራውንና እምነቱን፥ ሠርጉንና ልቅሶውን እንደሚመለከት ሁሉ ጨዋታውንም መመልከት ይገባዋል። ስለ ገና ጨዋታ፥ ስለ ፈረስ ጉግስና ስለ ገበጣ ብዙ ተጽፏል። ዳሩ ግን በዛሬው ጊዜ የአዲስ አበባ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የገናን ሜዳ አይፈልግም፤ ጥቂት ብር ካገኘ ወደ ጌም ቤት ይሄዳል። ስለ ጌም ቤት ወላጅ ሲቆጣ፥ መምህር ሲያማርር፥ ደንብ አስከባሪ ሲዘጋ እንሰማለን፤ የባህል ተመራማሪ ገብቶ ሲመረምረው ግን እምብዛም አይታይም።

ይህ ጽሑፍ ከጌም ቤት ጨዋታዎች መካከል ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚገጥሙበትን የድብድብ ጨዋታ መርጦ፥ በጉለሌ ሰፈሮች ውስጥ ውድድርና ማኅበር እንዴት አብረው እንደሚያድጉ፥ እንዴትም አንዱ ሌላውን እንደሚያጠፋው ለማስረዳት የታሰበ ነው። የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የተሸነፈው ልጅ ከተሸነፈ በኋላ ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው። አሸናፊን የማያከብር ጨዋታ የትም አይገኝም። አንዱን ጨዋታ ከሌላው የሚለየው ለተሸናፊው የሚሰጠው ስፍራ ነው።

1. ስፍራውና ቤቱ

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ክፍለ ከተማ ነው። ሽሮ ሜዳ፥ አዲሱ ገበያና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ያሉት በዚሁ ወገን ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሰፍረውበታል፤ የሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያም በእጅ ሥራቸው የታወቀ ነው። ሰፈሩ ዳገትና ቍልቍለት፥ ቤቱም የተጠጋጋ ስለሆነ ለልጆች ጨዋታ የሚበቃ ሜዳ በየመንደሩ አይገኝም። በስድስት ኪሎ አጠገብ ያለው ጃን ሜዳ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን የጥምቀት በዓልና የልዩ ልዩ ስፖርት ስፍራ እንደ መሆኑ የከተማው ሁሉ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ በተዛወረ ጊዜም ሜዳው ከጨዋታ ተለይቶ ሰንብቷል።

ጌም ቤት ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት የሚባለው ብዙውን ጊዜ በመንገድ ዳር ያለ ትንሽ ክፍል ነው። በውስጡ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፥ ከነሱ ጋር የተያያዙ የመጫወቻ መሣሪያዎችና አግዳሚ ወንበሮች ይገኛሉ። ተጫዋቹ በሁለት እጁ የሚይዘው መቆጣጠሪያ ጆይስቲክ ይባላል። ለቤቱ ስሙን የሰጠው ፕሌይስቴሽን፥ ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 በመጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሁለተኛው ዐይነት በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ዋጋው ለአንድ ቤተ ሰብ ከባድ ስለ ነበረ በእኛ አገር ከግል ዕቃነት ይልቅ ወደ ጋራ መጠቀሚያነት አደላ። ባለቤቱ አንድ ሰው ሲሆን በዋጋ የሚጠቀምበት የመንደሩ ልጅ ነው። እንግዲህ የጌም ቤት ማኅበር የተወለደው ከዕቃው እጥረት ነው ማለት ይቻላል።

በነዚህ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ከዚያ ቀጥሎ እንደ ቴከንና እንደ ሞርታል ኮምባት ያሉት የድብድብ ጨዋታዎች ይገኛሉ። ጌም ቤት ከመምጣቱ በፊት በዚያው መንገድ ዳር ጆተኒ ይሽከረከር ነበር፤ ከረንቡላ ቤትም ነበረ። ስለዚህ መሣሪያው ከጃፓን ቢመጣም ልጆቹ የሚተዳደሩበት ልማድ ከጆተኒውና ከከረንቡላው የተወረሰ ነው። የልማዱም ዋና አንቀጽ በሁለት ቃል ይነገራል፤ ተሸናፊ ይክፈል።

2. የጨዋታው ጠባይ

ጨዋታውን ላላየ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ሁለት ተዋጊዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከያንዳንዳቸው በላይ የሕይወታቸውን መጠን የሚያሳይ መስመር አለ፤ ምት በደረሰባቸው ቍጥር መስመሩ ያጥራል። መስመሩ ያለቀበት ዙሩን ይሸነፋል፤ የተወሰነውን ያህል ዙር ቀድሞ ያሸነፈም ግጥሚያውን ይወስዳል። በቴከን አራቱ ዋና ቍልፎች የአራቱን እጅና እግር ሥራ ይሠራሉ፤ አንዱ የግራ እጅ፥ አንዱ የቀኝ እጅ፥ አንዱ የግራ እግር፥ አንዱም የቀኝ እግር ነው። ተዋጊዎቹ ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጡ ሆነው የየራሳቸው የውጊያ ስልት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው በሦስተኛው ቴከን ውስጥ፥ ወደ ብራዚል ተግዘው የሄዱ አፍሪቃውያን ባሮች ያስገኙትን ካፖይራ የተባለ ስልት የሚዋጋ ሰው ይገኛል።

የጨዋታው መሠረት በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ እነሱም መምታት፥ መከላከልና መያዝ ናቸው። የሚከላከል ምቱን ያከሽፋል፤ የሚይዝ የሚከላከለውን ይጥላል፤ የሚመታ ደግሞ ሊይዘው የመጣውን ይቀድመዋል። ከሦስቱ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ አንድ ስንኳ የለም። ስለዚህ ተጫዋቹ ባላጋራው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚመርጥ አስቀድሞ መገመት አለበት።

ይህም ግምት ከዐይን ፍጥነት ብቻ የሚገኝ አይደለም። በመስኮቱ ላይ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 60 ሥዕሎች ይፈራረቃሉ። ፈጣን የሆነ ምት ከ10 ወይም ከ12 ሥዕሎች በኋላ ይደርሳል፤ ሰው ግን አንድ ነገር አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ያልፋል። እንግዲህ አይቶ መከላከል ካልተቻለ ዐውቆ መከላከል ይገባል። ይህ ልጅ ሲጨንቀው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያኛው ሁለት ጊዜ ከተከላከለ በኋላ ሦስተኛውን ይመታል፤ እያሉ የሰውን ልማድ ማጥናት ያስፈልጋል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አይገኝም፤ ከልዩ ልዩ ሰዎች ጋር ደጋግሞ በመግጠምና ሌሎች ሲገጥሙ ከወንበሩ ኋላ ቆሞ በማየት ይገኛል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ያለ ብዙ ባላጋራ አይፈጠርም።

በኢንተርኔት አማካይነት ከሩቅ አገር ሰው ጋር መጫወት ይቻላል የሚል አስተያየት ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን የመልእክቱ መዘግየት የሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ብቻ ቢሆን እንኳ በዚያች ጊዜ 6 ሥዕሎች ያልፋሉ። ለእግር ኳሱ ይህ ጥቂት ነው፤ ለድብድቡ ግን የመሸነፍና የማሸነፍ ልዩነት ነው። በዚህ ምክንያት የድብድብ ጨዋታ ከጌም ቤት ጨዋታዎች ሁሉ ይልቅ ጎረቤትን የሚፈልግ ጨዋታ ሆኗል።

3. የሕጉ ጥቅምና ጉዳት

ተሸናፊ ይክፈል የሚለው ሕግ ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ልጆች ይገጥማሉ፤ የተሸነፈው የጨዋታውን ዋጋ ለቤቱ ከፍሎ ይነሣል፤ ያሸነፈው ተቀምጦ ተረኛውን ይጠብቃል። ሕጉ ሦስት ጥቅሞች አሉት። አንደኛ፥ ጨዋታውን ቁም ነገር ያደርገዋል፤ የሚያጣው ነገር ያለው ልጅ አስቦ ይጫወታልና። ሁለተኛ፥ ያለ ዳኛና ያለ ጽሑፍ ተራን ያስከብራል። ሦስተኛ፥ ዕድሜንና ሀብትን ለጊዜው ያስተካክላል። በመንገድ ላይ ታላቁን ጋሼ እያለ የሚጠራ የ12 ዓመት ልጅ፥ በአግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ያንኑ ጋሼ አሸንፎ ከመቀመጫው ያስነሣዋል። ታላቁም ከፍሎ ይነሣል እንጂ ልጁን አይመታውም፤ ቢመታው ተመልካቹ ሁሉ ይስቅበታል።

ጉዳቱ ግን ከጥቅሙ ጋር አብሮ የተሰፋ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንዱ ጨዋታ ዋጋ 5 ብር ነው እንበል። አዲስ የመጣ ጀማሪ ስድስት ጊዜ ተጫውቶ ስድስት ጊዜ ቢሸነፍ 30 ብር ይከፍላል። በዚያው ቀን ጐበዙ ሃያ ጊዜ ተጫውቶ ሃያ ጊዜ ቢያሸንፍ አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ብዙ ልምምድ የሚያስፈልገው ልጅ ጥቂት ይለማመዳል፤ ልምምድ የማያስፈልገው ግን ሲለማመድ ይውላል። ደካማው የብርቱውን ትምህርት ይከፍልለታል ማለት ነው። በሸማኔ ወይም በቀን ሠራተኛ ቤት ለሚያድግ ልጅ 30 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሁለት ሦስት ቀን ከከፈለ በኋላ ይቀራል። እሱ ሲቀር የሚከተለው ጀማሪ የመጨረሻው ደካማ ይሆናል፤ ያም በተራው ይቀራል። በመጨረሻ ሦስት ወይም አራት ጐበዞች ብቻ ይቀሩና እርስ በርሳቸው ስለሚተዋወቁ ጨዋታው ይሰለቻቸዋል፤ የቤቱ ባለቤትም ገቢ ስለሚያጣ መሣሪያውን ለእግር ኳስ ያውለዋል። ውድድሩ ማኅበሩን በላው፤ ማኅበሩ ሲያልቅ ውድድሩም አለቀ።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ተሸናፊ ይክፈል የሚለው ከቤቱ ዋጋ አልፎ ወደ ቁማር ሲሸጋገር ነው። የጨዋታው ዋጋ ለቤቱ መከፈሉ ቀርቶ በሁለቱ ልጆች መካከል ገንዘብ ሲያዝ፥ ጨዋታው ጠብን ይወልዳል። በትምህርት ቤቶች አካባቢ የሚገኙ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር አንድ ላይ ተቈጥረው በየጊዜው መዘጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ቤቱ ሲዘጋ ቁማሩ ወደ ሌላ ስፍራ ይሸሻል፤ የሚጠፋው ታላቅና ታናሽ በአንድ አግዳሚ ላይ የሚገናኙበት ሥርዓት ነው።

4. ከነባር ልማዶች ጋር ሲነጻጸር

የኢትዮጵያ ሕዝብ ብርቱ ፉክክርን ያለ ማኅበር ጥፋት እንዴት እንደሚያካሂድ ከጥንት ያውቃል። በልደት በዓል የሚደረገው የገና ጨዋታ ለዚህ ምስክር ነው። ተጫዋቾች ጫፉ ቈልመም ያለ ዱላ ይዘው በሁለት ወገን ተከፍለው ሩር የምትባለውን ኳስ ወደ ተቃራኒው ወሰን ለማሳለፍ ይታገላሉ። የተጫዋቹ ቍጥር የተወሰነ አይደለም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ዱላ ያርፋል፥ ቅልጥም ይጐዳል፤ ሆኖም በዚያን ዕለት ጌታ በሎሌው ላይ እንዳይቈጣ ልማዱ ያዝዛል። አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይሰድበዋል፤ ስድቡም የበዓሉ ደስታ አንድ ክፍል ነው። ተሸናፊው የሚከፍለው ዕዳ ይህንን ስድብ መስማት ብቻ ነው። ለከርሞው ጨዋታ ሲመጣ እንደ አሸናፊው ሁሉ ዱላውን ይዞ ይገባል፤ ሽንፈቱ ከሜዳው አያግደውም።

ከኦሞ ወንዝ በስተ ምዕራብ የሚኖሩት ሱሪዎች ዶንጋ የሚባል የዱላ ግጥሚያ አላቸው። ግጥሚያው እጅግ ብርቱ ሲሆን ዳኞች አሉት፤ የወደቀውን መምታት ክልክል ነው፤ ሰው የገደለም ካሣ እንዲከፍል ይገደዳል። በዚህ ሥርዓት ዕዳው የሚወድቀው ወሰን ባለፈው አሸናፊ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ከጌም ቤቱ ሕግ ጋር ፈጽሞ ተቃራኒ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ጨዋታ አይደለም፤ ነገር ግን ለጉለሌ ሰው ከሁለቱ ይልቅ የቀረበ ነው፤ ይኸውም እቁብ ነው። በእቁብ ሁሉም እኩል ይከፍላል፥ ለሁሉም በዕጣ በየተራው ይደርሰዋል። ዕድለኛው ቀድሞ በመውሰዱ ከመክፈል አይድንም፤ ዕድለ ቢሱም በመዘግየቱ ከማኅበሩ አይወጣም። የጌም ቤት ልጆች ወላጆች በዚህ ሥርዓት የሚኖሩ ሆነው ሳለ፥ ልጆቹ የሚተዳደሩበት ሕግ ከከረንቡላ ቤት የተወረሰው መሆኑ የሚያስገርም ነው።

5. በሌላው ዓለም የታየው

ተሸናፊ ይክፈል የሚለው ልማድ በአዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሁለተኛውን ስትሪት ፋይተር ባወጣ ጊዜ፥ በአሜሪካ ከተሞች ልጆች በሳንቲም የሚሠራውን ማሽን ከበው ይቆሙ ነበር። ተራ የሚይዝ ልጅ ሳንቲሙን በማሽኑ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል፤ የተሸነፈው ይነሣል፥ ያሸነፈው ሳይከፍል ይቀጥላል። ሥርዓቱ ከጉለሌው ጋር አንድ ነው።

ልዩነቱ የመጣው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጉባኤ ማቋቋም በጀመሩ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ 40 የሚያህሉ ሰዎች ተሰብስበው ውድድር አደረጉ። ይህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ኤቮ የሚል ስም ይዞ አድጎ፥ እ.ኤ.አ. በ2023 በላስ ቬጋስ በስድስተኛው ስትሪት ፋይተር ውድድር ብቻ ከ7,000 በላይ ተወዳዳሪዎች ተመዘገቡ። የገንዘቡንና የማስታወቂያውን ነገር ትተን ሥርዓቱን ብንመለከት ሁለት ደንቦችን እናገኛለን። አንደኛው፥ ተወዳዳሪ ሁለት ጊዜ ካልተሸነፈ በቀር ከውድድሩ አይወጣም፤ አንድ ጊዜ የተሸነፈ በሌላ መሥመር ገብቶ ይቀጥላል፥ እስከ መጨረሻውም ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛው በብዙ ውድድሮች የሚሠራበት ደንብ ነው፤ ያሸነፈ ሰው የያዘውን ተዋጊ ሳይለውጥ እንዲቀጥል ሲገደድ፥ የተሸነፈው ግን እንዲለውጥ ይፈቀድለታል። ሁለቱም ደንቦች ለተሸናፊው የተሰጡ ዕድሎች ናቸው። ማዕርጉ ለአሸናፊው፥ ዕድሉ ለተሸናፊው ተከፍሏል።

ሌላው ምሳሌ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በ2011 ዓ.ም. አርስላን አሽ በሚል ስም የሚጫወተው የፓኪስታን ሰው አርስላን ሲዲቅ፥ የቪዛና የመንገድ ችግር ተቋቁሞ በመጀመሪያ በጃፓን፥ ከዚያም በላስ ቬጋስ በተደረጉት የኤቮ ውድድሮች በሰባተኛው ቴከን አሸነፈ። ከዚያ በፊት የዚህ ጨዋታ ኃያላን የኮርያና የጃፓን ሰዎች ስለ ነበሩ ዓለም ተገረመ። እሱ ግን በአገሩ እንደሱ ያሉ ሌሎች ብርቱዎች መኖራቸውን ተናገረ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት ኒ በሚል ስም የታወቀው የኮርያ ተጫዋች ነገሩን ለማየት ወደ ላሆር ሄዶ ከነሱ ጋር ገጠመ፤ የተባለውም እውነት ሆኖ አገኘው። የላሆር ተጫዋቾች ብርታት ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ በከተማቸው ውስጥ እርስ በርስ ደጋግሞ ከመግጠም የተገኘ ነበር። ስለዚህ መንገዱ የራቀና ኪሱ የሳሳ ሰፈር ታላቅ ተጫዋች ሊያወጣ ይችላል፤ ደካማውን ሳያባርር ብዙ ባላጋራ ይዞ ከቈየ ነው።

6. ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

ከተነገረው ሁሉ የምንረዳው የጉለሌ ጌም ቤት የሚፈልገው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን የተሻለ ሕግ መሆኑን ነው። ሕጉም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን ተጫዋቹ ሁሉ እንደ እቁብተኛ እኩል አዋጥቶ የቤቱን የአንድ ከሰዓት በኋላ ዋጋ ቢከፍል፥ በዚያን ቀን ተሸናፊ የሚከፍለው አይኖርም። መዋጮው ለቤቱ ብቻ እንጂ ለአሸናፊ እንዳይሰጥ ከተደረገ የቁማር በር ይዘጋል። ሁለት ጊዜ ያልተሸነፈ አይወጣም የሚለውን ደንብ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይበቃዋል። ጐበዙም ከጀማሪው ጐን ተቀምጦ ለምን እንደ ተሸነፈ ቢነግረው፥ ለራሱ ባላጋራ ያሳድጋል። በሌላው ቀን ነባሩ ሕግ እንዳለ ሊቀጥል ይችላል፤ ጨው ወጥን እንደሚያጣፍጥ ጥቂት ጭንቀትም ጨዋታን ያጣፍጣልና።

ይህ ሁሉ ሲሆን የማኅበሩን ጉድለት መሸፈን አይገባም። ልጃገረዶች በነዚህ ቤቶች እምብዛም አይታዩም፤ በቤት ሥራ ስለሚያዙና ቤቱም የወንዶች ስፍራ ተብሎ ስለሚቈጠር ነው። እኩል መዋጮና የታወቀ ቀን ለነሱም በር ሊከፍት ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ በሥራ ተሞክሮ የሚታይ ነው።

በመጨረሻ ለጥናት የሚነሡ ተማሪዎችን አንድ ነገር እናሳስባለን። በጌም ቤት ሲቀመጡ ያሸነፈውን አይቍጠሩ፤ እሱን ሰፈሩ ሁሉ ይቈጥርለታል። የተሸነፈው ልጅ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ከፍሎ ሲነሣ በዐይናቸው ይከተሉት። ከአግዳሚው ኋላ ቆሞ ቀጣዩን ግጥሚያ ካየ ያ ቤት ማኅበር ነው። በሩን ከፍቶ ወጥቶ በማግሥቱ ካልተመለሰ፥ በዚያ ቤት ውስጥ ያለው ጨዋታ ዕድሜው አጭር መሆኑን ይመዝግቡ።